ባሌ ሐኪም ነው፤ ቅዳሴውም ሱባዔውም የእኔ ብቻ ሆነ

ጥያቄ፦ መምህር እንዴት ሰነበቱ? የምኖረው ደሴ ነው። ከባለቤቴ ጋር በተክሊል ከተጋባን አምስት ዓመት ሆነን። እርሱ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነው። እሑድ ተረኛ ይሆናል፤ ተረኛ ባይሆንም ይደወልለታል። ባለፈው መስከረም ግሸን አብረን ልንወጣ ተቀጣጥረን እርሱ ቀረ፤ እኔ ከእናቴ ጋር ሄድኩ። ጾሙም ስግደቱም የእኔ ብቻ ሆኗል። የማኅበር እኅቶቼ «ቤትሽን ብቻሽን ተሸክመሽዋል» ይሉኛል። አሁን ለሁለታችንም ይሁን ብዬ ሱባዔ ይዣለሁ፤ መኝታም ለይቻለሁ፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኩትም። ጸሎቴ ይደርስለታል? ወይስ ከማያምን ሰው ጋር እንደምኖር ይቆጠርብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ አብሽሪ። ያገባሽው አማኝ ነው፤ ከማያምን ጋር እንደምትኖሪ አይቆጠርብሽም። ስለ ጾሙና ስለ ሱባዔው ሥርዓት የምነግርሽ የለኝም፤ ታውቂዋለሽ። የጻፍሽልኝን ግን ከሐኪም ሚስትም፣ ከነርስ ባልም፣ ከሹፌርና ከወታደር ቤትም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሥሩ አንድ ነው። ነጠላውን አጣፍቶ ቅጽር ውስጥ የቆመው እግዚአብሔርን ያገለግላል፣ ጋውን ለብሶ ሆስፒታል ያደረው ግን ለእንጀራው ይሠራል ብለን እናስባለን። እንዲህ ያሰበች ሚስት ባሏን ከእምነት የወጣ አድርጋ ማየት ትጀምራለች። ባልየውም ያንኑ ያምንና «እኔ ሥራ አለብኝ፣ እርሷ ትጸልይልኛለች» ብሎ ራሱን ከጸሎት ያወጣል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

መጽሐፈ ጦቢትን ምዕራፍ 2 ላይ ክፈችው። የበዓለ ኀምሳ ቀን ነው፤ ማዕዱ ቀርቧል፣ ጦቢት ሊበላ ተቀምጧል። ልጁ መጥቶ ከወገናችን አንዱ ተገድሎ ገበያ ላይ ተጥሏል ይለዋል። ጦቢት ምግቡን ሳይቀምስ ተነሣ፤ ሬሳውን አንሥቶ አስቀመጠና ፀሐይ ስትጠልቅ ቀበረው። በዓሉን ስለ መናቁ የሚወቅሰው ቃል የለም። ሩፋኤል በኋላ ሲገለጥለት ያን ቀን ከማዕዱ መነሣቱን በመልካም አስታወሰለት። ለሞተ ሰው ከበዓል ማዕድ መነሣት እንዲህ ከተቆጠረ፣ በሕይወት ላለች እናት ከቅዳሴ መቅረት ምን ይባላል? ከአምባሰል ወይም ከለጋምቦ ገጠር በአምቡላንስ የመጣች ወላድ ደሟ አልቆም ካለ በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ባልሽ ሠርሖተ ሕዝብ ሆኖ ሰው እስኪሰናበት ድረስ ቢቆይ አትጠብቀውም። ግሸን የቀረበት መስከረም 21 እመቤታችን የምትከበርበት ቀን ነው፤ እርሱ በዚያ ቀን ከአንዲት እናት አጠገብ ከነበረ ከበዓሉ ርቋል አልልም።

ያው ምዕራፍ የባልና ሚስት ጠብም አለው። ጦቢት ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ሐና ለሰው እየሠራች ታኖረው ነበር። አሠሪዎቿ ከደመወዟ በላይ የፍየል ጠቦት ቢሰጧት «ሰርቀሽው ይሆናል» አላት። እርሷም ምጽዋትህና ጽድቅህ የት አለ ብላ መለሰችለት። በጎ ሰዎች ናቸው፤ ድካምና ችግር ግን ክፉ አነጋግሯቸዋል። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰውና ሌሊቱን ብቻዋን ያደረች ሴት ጠዋት በር ላይ ሲገናኙ የሚባባሉት ሁሉ እምነታቸውን አይለካም።

ማኅበርሽ የነገረሽን በዳዊት ፍርድ መዝኚው። በ1ኛ ሳሙኤል 30 ላይ አራት መቶው ወደ ሰልፍ ሲወርዱ፣ የደከሙት ሁለት መቶ ወንዙ ዳር ዕቃ ሲጠብቁ ቀሩ። ከዘመቱት አንዳንዶቹ «ለእነዚያ ምርኮ አንሰጥም» አሉ። ዳዊት ግን የወረደውና ዕቃ የጠበቀው ድርሻቸው እኩል ይሁን ብሎ ለእስራኤል ሥርዓት አደረገው። አንቺ ቤተ ክርስቲያን ስትቆሚ ልጅ የሚያዋልደው ባልሽ ድርሻ አለው። እርሱ ሲያዋልድ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ጸሎቱን ጠብቀሽ ስታቆዪለት በዳነችው እናት ላይ አንቺም ድርሻ አለሽ። ጸሎትሽ ይደርስለታል ወይ ላልሽኝ መልሴ ይህ ነው።

አሁን የምናገረው ሊከብድሽ ይችላል። ሳትነግሪው መኝታ መለየትሽ ስሕተት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ «ለጸሎት ትተጉ ዘንድ ተስማምታችሁ ለጊዜው ካልሆነ በቀር፥ እርስ በርሳችሁ አትከላከሉ» ይላል (1ኛ ቆሮ. 7፥5)። «ተስማምታችሁ» የሚለውን ዘለሽዋል። ሱባዔሽ ለእርሱ ተብሎ የተያዘ ነው ብለሻል፤ እርሱ ግን የሚያየው ፊቷን ያዞረች ሚስት ነው። የተከፋች ሴት ጾምን ለኩርፊያዋ መሸፈኛ ስታደርገው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ወንዱም እንዲሁ። እባክሽ፣ ዛሬ ንገሪው።

ለእርሱም ቃል አለኝ፤ አንብቢለት። ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብሩ ይላል፤ ይህን ሐኪሞች ሁሉ ያውቁታል። ወረድ ብሎ ደግሞ ሐኪሞችም ሕክምናቸው እንዲሠምርላቸው ወደ እግዚአብሔር እንደሚጸልዩ ይናገራል። ስለዚህ ጋውኑ ከጸሎት ነጻ አያወጣውም። እጁን ሲታጠብ «አቤቱ እጄን ምራ» ለማለት ጊዜ አያጣም። ደግሞም ከቤት የሚያወጣው ሁሉ ተረኝነት መሆኑን ራሱን ይጠይቅ። ኑሮው ምን ያህል እንደከበደ አውቃለሁ፤ ከመደበኛው ሥራ በኋላ በግል ክሊኒክ የሚያመሸውን ሐኪም አልኮንንም። ኅዳር 22 የምናስባቸው ቆዝሞስና ድምያኖስ ሐኪሞች ነበሩ፤ ያለ ገንዘብ ያክሙ ነበር። ባልሽ እንደ እነርሱ ይሁን ብዬ አላዝበትም። ነገር ግን ምጥ የያዛት እናት የወሰደችበትን እሑድና ትርፍ ገንዘብ የወሰደበትን እሑድ ለይቶ ይቁጠር፤ ሁለተኛው የአንቺና የቤተ ክርስቲያን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰው ብዙም አያነሣውም። አንዳንድ ቀን እናት ወይም ሕፃን ሞቶበት ይመጣል። የንስሓ አባት የሰማውን እንደማያወጣ እርሱም የታካሚውን ነገር አያወራልሽም። «ምን ሆነህ ነው? ንገረኝ» ብለሽ አታስጨንቂው። ውኃ አሙቂለት፣ አጠገቡ ቁጭ በይ። «ለዛሬዋ ሕመምተኛህ እንጸልይ?» ብትይው ስም ሳይጠራ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። አቡነ ዘበሰማያት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓትም ሆነ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አንድ ነው።

የሥራ ባልደረቦቹንም አትርሱ። በእኛ በወሎ ክርስቲያኑ ለአረፋ ለሙስሊም ጓደኛው ተረኝነት ሲይዝለት፣ ሙስሊሙም ለፋሲካ ሲመልስለት የኖርንበት ነው። ባልሽ አስቀድሞ ከጠየቀ የሚሸፍነው አያጣም፤ ሳይጠይቅ ቀርቶ «አልተመቸኝም» አይበል።

እንግዲህ የሚቀጥለውን ወር የተረኝነት ሰሌዳ ሲያመጣ አብራችሁ ተቀመጡ። ነጻ የሆነበትን እሑድ ምረጡና ለንስሓ አባታችሁ ደውላችሁ ለቁርባኑ የምትዘጋጁበትን ቀን ጠይቁ። የሱባዔውንም ቀን ያን ጊዜ ሁለታችሁ ወስኑት። የጀመርሽውን ምን እንደምታደርጊው ደግሞ ብቻሽን ሳትወስኚ ከእርሳቸው ጋር ተነጋገሪ።