የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ብቻዎን የሚጫወቱት ጦርነትና ግራ የሚያጋባው የደንብ መጽሐፍ

ጥያቄ፦ «ፊልድስ ኦፍ ፋየር» የሚባለውን ጨዋታ ገዛሁ። የደንቡን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፤ የመጀመሪያውን ተራ እንዴት እንደምጫወት ግን አሁንም አልገባኝም። ከየት ልጀምር?
ተ.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ይህ ብቻዎን ሆነው አንድ የእግረኛ ሻምበል በካርድና በምልክት የሚመሩበት የቤን ሃል ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2008 በአሳታሚው ጂኤምቲ ከታተመ ጀምሮ በሁለት ነገር ይነሳል፤ በጥልቀቱና በመጽሐፉ። የመጀመሪያው እትም አንድን ቃል ሳያስረዳ ይጠቀምበትና ማብራሪያውን ሌላ ምዕራፍ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በሁለተኛው እትም ደንቡ እንደ አዲስ ተጽፏል። በእጅዎ ያለው የድሮው ከሆነ አዲሱን ከአሳታሚው ድረ ገጽ አውርደው በእሱ ይማሩ፤ በአሮጌው መድከም ትርፍ የለውም።

ከዚያ መጽሐፉን ይዝጉ። ስድስት የመሬት ካርዶች ይደርድሩ፤ ወደ ጎን ሁለት፣ ወደ ፊት ሦስት። ከሻምበልዎ አንዱን የመቶ ክፍል ብቻ ያውጡ፤ የመቶ መሪውንና ሦስቱን ጓዶች (በመቶው ሥር ያሉትን ትናንሽ ቡድኖች)። ከፊታቸው ባለው ካርድ ላይ በግልጽ የሚታይ አንድ የጀርመን መትረየስ ያኑሩ። ሬዲዮ፣ ሞርታርና ታንክ ሳጥኑ ውስጥ ይቆዩ። በዚህች ሜዳ መጀመሪያ ከተራው ውስጥ የውጊያውን ምዕራፍ ብቻ ደጋግመው ይጫወቱ። እሱ እጅዎ ሲገባ ትእዛዝ መስጠትን ይጨምሩ። ኤ፣ ቢና ሲ የተጻፈባቸው የፒሲ ምልክቶች፣ ማለትም «እዚህ ጠላት ሊኖር ይችላል» የሚሉት፣ በመጨረሻ ይግቡ። ጠላት መኖር አለመኖሩን ሲያጣሩ ስንት የድርጊት ካርድ (ከመሬት ካርዶቹ የተለየ፣ በዳይስ ፋንታ የሚሳብ ካርድ) እንደሚስቡ የሚወስነው የምልክቱ ፊደልና በዚያ ሰዓት ያለው የውጊያ ደረጃ ነው። ደረጃው ከፍ ሲል የሚሳበው ካርድ ይቀንሳል። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ደረጃውን ማሳደግ ይረሳና ሜዳው በጠላት ይሞላበታል፤ «ይህ ጨዋታ አይሸነፍም» የሚለው ቅሬታ አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ጠላት በተኮሰ ቁጥር ካርድ እየሳብኩ አንድ ተራ አላልቅ አለኝ። ምን እያጠፋሁ ነው?
ስሜ አይጠቀስ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ በሌሎች የጦርነት ጨዋታዎች ተኳሽ አለ፣ ዒላማ አለ፣ ዳይስ ይወረወራል፣ አለቀ። እዚህ ግን ተኩስ ቦታ ላይ የሚያርፍ ሁኔታ ነው፤ ካርዱ ላይ የወረደውን ዝናብ እዚያ የቆመ ሁሉ ይመታዋል። መትረየሱ ሲተኩስ ሁለት ምልክት ይቀመጣል፦ አቅጣጫውን የሚያሳየው ፒዲኤፍ፣ ዒላማው ካርድ ላይ ደግሞ የተኩሱን መጠን የሚናገረው ቪኦኤፍ። በዚያች ቅጽበት ካርድ አይሳብም። ሁሉም የሚፈታው የጋራ ውጊያ በሚባለው ምዕራፍ፣ ለሁለቱም ወገን እኩል ነው፤ ቪኦኤፍ ባለበት የመሬት ካርድ ላይ ላለ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ አንድ የድርጊት ካርድ ይሳባል።

በቁጥር እንየው። ጓድዎ የመከለያ ዋጋው +1 የሆነ መሬት ላይ ነው። የጠላት ተኩስ «ኤ» (የመትረየስ ተኩስ፤ ከፒሲው ፊደል ጋር አይገናኝም) ስለሆነ −1 ነው። ድምሩ 0፤ የሳቡት ካርድ 0 ላይ ሂት (ተመታ)፣ ፒን (በተኩስ ታስሮ ቀረ) ወይም ሚስ (ሳተ) ይላል። አሁን ጠመንጃ የያዘ ሌላ የጠላት ጓድ ከዚያው ከመትረየሱ ካርድ ላይ ተኩስ ጨመረ እንበል። ምንም አይለወጥም፤ የሚያዘው ከባዱ ተኩስ ብቻ ነው፣ አይደመርም። ያ ጓድ ከሌላ አቅጣጫ ቢተኩስ ግን የመስቀለኛ ተኩስ ምልክት ሌላ −1 ያመጣና ወደ −1 ይወርዳሉ። ተንቀሳቅሶ የገባ ጓድ «ተጋላጭ» የሚል ምልክት ስለሚይዝ ከዚህም ይብስበታል፤ ምልክቱ የሚነሳው በተራው መጨረሻ ጽዳት ላይ ነው፣ ከውጊያው በፊት ካነሱት ራስዎን እያታለሉ ነው።

ሂት ሲወጣ ጓዱ በሙሉ አይጠፋም። አንድ እርከን፣ ማለትም ከጥንካሬው አንድ ደረጃ፣ ያጣል፤ ከዚያ ሌላ ካርድ ተስቦ ከጓዱ የተነጠሉት ቁስለኛ ይሁኑ፣ በድንጋጤ የደነዘዘ ቡድን ወይስ ቁስለኛ ተሸካሚ፣ ይታወቃል። የድርጊት ካርዱ ትእዛዙንም፣ የውጊያ ውጤቱንም፣ የዕጣ ቁጥሩንም አንድ ላይ ስለሚይዝ ዓይን ይበትናል፤ በዚያ ሰዓት ከሚፈልጉት ክፍል ውጭ ያለውን አይዩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቪኦኤፍ ወገን አይለይም። የራስዎ መትረየስ የሚደበድበው ካርድ ላይ ጓድዎን ካስገቡ ጓዱም ያው ተኩስ ያገኘዋል። ተኩስ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ በራሱ ይቀጥላል፤ ለማቆም ወይም ወደ ሌላ ካርድ ለማዞር ትእዛዝ ይከፈልበታል። ስለዚህ ጓዱን ከማስገባትዎ በፊት ለዚያ አንድ ትእዛዝ ያስቀሩ።

ጥያቄ፦ አንደኛው መቶ ሲዋጋ ሁለቱ ቆመው ይቀራሉ። ትእዛዝ አይበቃኝም።
ዳ.፣ ቴል አቪቭ

መልስ፦ ጨዋታው ሆን ብሎ ነው የሚያስርብዎ። ሻለቃው ሻምበሉን ያነቃል፣ ሻምበሉ በሳበው ካርድ ልክ ትእዛዝ ያገኝና መቶ መሪዎቹን ያነቃል። የድርጊት ካርዱ ላይ ሁለት የትእዛዝ ቁጥሮች አሉ፤ ትልቁ በአለቃው ለነቃ መሪ፣ ትንሹ በራሱ ተነሳሽነት ለሚሠራ። የእርስዎ ሁለት መቶዎች በትንሹ ቁጥር እየኖሩ ይመስላል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ግንኙነት ነው፦ መቶ መሪው ከሻምበል አዛዡ ካርድ ርቋል፣ በሻምበሉ የሬዲዮ መረብ ላይም ሆነ በስልክ ሽቦ አልተያያዘም። ከመጀመሪያው ተራ በፊት ማን ከማን ጋር በምን እንደሚገናኝ ወረቀት ላይ ይሳሉት። የሻምበል አዛዡን ደግሞ ከፊት መስመር አንድ ካርድ ወደ ኋላ ያቆዩት፤ እሱ ፒን ከሆነ ሁሉም ይደነዝዛል።

ጥያቄ፦ የኮሪያ ዘመቻ እንዳለው ሰማሁ። የእኛ ቃኘው አለበት?
ወ/ሮ ሰ.፣ አዳማ

መልስ፦ የለበትም። ጨዋታው የሚከተለው በሁለተኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር የነበረውን የአሜሪካ ዘጠነኛ ሬጅመንት ነው። ቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1951 ኮሪያ ደርሶ የተመደበው በሰባተኛው ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ነበር። የታጠቀው የአሜሪካ መሣሪያ ስለሆነ ግን የኮሪያውን ሻምበል ምልክቶች እንዳሉ መጠቀም ይችላሉ፤ ግዳጁን ራስዎ መጻፍ ይኖርብዎታል።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ልጆች ስላሉ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ማደር አልችልም።
ኃ.፣ ዱባይ

መልስ፦ የሚያቆሙት ከጽዳቱ በኋላ ይሁን፤ ያኔ ጊዜያዊ ምልክቶች ተነስተዋል። ከላይ ቀጥ ብለው ፎቶ ያንሱ፣ የፒዲኤፍ ቀስቶች አቅጣጫ በግልጽ ይታይ። የተሳቡትንና ያልተሳቡትን የድርጊት ካርዶች በሁለት ፌስታል ይለዩ፣ ቅደም ተከተላቸው አይዛባ። እያንዳንዱ መሪ ያጠራቀመውን ትእዛዝ፣ የተራውን ቁጥርና የውጊያውን ደረጃ በወረቀት ጽፈው ከካርዶቹ ጋር ያኑሩ።