ኤፌድራን «ጥድ» ማለት ይገባል?

ጥያቄ፦ በሱሉልታ ዳርቻ በሚገኝ የችግኝ ጣቢያ እሠራለሁ። ለጎብኚዎች የስም ዝርዝር ስናዘጋጅ ኤፌድራ የተባለው ተክል የእንግሊዝኛ ስሙ ሲተረጎም «ባለ አንጓ ጥድ» ሆነብን። እንዲሁ ብንጽፈው ስሕተት ይሆናል? «የፈረንጅ ጥድ» ብለን ሁለት የተለያዩ ችግኞችን መጥራታችንስ?

መልስ፦ «ባለ አንጓ» የሚለው ይስማማል፤ የኤፌድራ ቀጫጭን አረንጓዴ ቅርንጫፎች እንደ ሸንበቆ በየአንጓው የተከፋፈሉ ናቸው፤ ቅጠሉም ከአንጓው ላይ የቀረች ትንሽ ቅርፊት እንጂ ቅጠል አትመስልም። የማይስማማው «ጥድ» የሚለው ነው። ኤፌድራ በአብዛኛው የደረቅ አገር ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ከጥድ ጋር የሚያገናኘው ሁለቱም ያለ አበባ ዘር የሚሰጡ መሆናቸው ብቻ ነው።

አማርኛ ጥድ ያለው አስቀድሞ አንዱን ዛፍ ነው፤ በመናገሻ ደንና በእንጦጦ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የምናየውን፣ ቅርፊቱ በቁመቱ እየተላጠ የሚንጠለጠለውን፣ እንጨቱን ምስጥ የማይደፍረውን። በኋላ ከውጭ የመጡትን ሁሉ «የፈረንጅ ጥድ» አልን። የፈረንጅ ዶሮ ዶሮ ነው፤ የፈረንጅ ጥድ ግን ሁልጊዜ ጥድ አይደለም። ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው ኩፕሬሰስ ከጥዳችን ጋር አንድ ቤተሰብ በመሆኑ ስሙ ቢጸናለት አልቃወምም። ረጃጅም መርፌ መሰል ቅጠሎቹን በጥቅል የሚያወጣው ፓይን ግን ከሌላ ቤተሰብ ነውና ፓይን ቢባል ይሻላል።

ምናልባት መጽሐፍ ቅዱስን ትጠቅሱብኝ ይሆናል፤ «እንደ ሊባኖስ ዝግባም ያድጋል» የሚለው መዝሙር የእኛን ዝግባ ስም ለሌላ ዛፍ ሰጥቷልና። ሆኖም ተርጓሚዎቹ «ሊባኖስ» የሚለውን ጨምረው አንባቢውን ከመሳሳት ጠብቀውታል፤ «ባለ አንጓ» ይህን አያደርግም፣ ገዢው አንጓ ያለው የጥድ ዓይነት ነው ብሎ ይወስደዋልና።

ስለዚህ በሰሌዳው ላይ «ኤፌድራ፣ ባለ አንጓ ቁጥቋጦ» ብላችሁ ጻፉ፤ ኤፌድሪን የተባለው መድኃኒት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ስለሆነ ቃሉ ለጆሮ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። እግረ መንገዴን፣ በዝርዝራችሁ ርእስ ላይ «ሾጣጣ ፍሬ ያላቸው ዛፎች» ብላችሁ ከሆነ አርሙት፤ የጥድ ፍሬ ሰማያዊ ዶቃ መሳይ ድቡልቡል ነው፣ የዝግባውም እንዲሁ ድቡልቡል ነው፣ ከዝርዝሩ ሾጣጣ የሚባለው የፓይኑ ብቻ ነው።