ሳይወሰዱ የቀሩ ልብሶች

ውድ ልጆቼ፣

በ2016 ዓ.ም. የልብስ ስፌት ሱቄን ከፒያሳ ወደ ሌላ ሰፈር ሳዛውር፣ ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብኝ የስፌት መኪናዎቹንና የመቁረጫውን ጠረጴዛ ማጓጓዝ አልነበረም። ከሱቁ በስተኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ደንበኞች አሰፍተው ወይም ሊያስተካክሉ አምጥተው ሳይወስዷቸው የቀሩ 63 ልብሶች በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው ነበር። በእያንዳንዳቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ ወረቀት አለ፤ የባለቤቱ ስም፣ የመጣበት ቀንና «ወገቡ 4 ሴንቲ ሜትር ይጥበብ»፣ «እጅጌው ይጠር» የሚል ትእዛዝ በእጄ ጽሑፍ ሰፍሮበታል።

ሁለት ቀን ወለሉ ላይ ተቀምጬ እነዚያን ወረቀቶች ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። ሰው በየሳምንቱ የሚለብሰው ሱሪ ዚፑ ቢበላሽበት ልብሱን ባመጣ በማግስቱ ይመለሳል፤ ካልደረሰለትም ይቆጣል። ከረጢቱ ውስጥ የቀሩት ግን ገና ወደ እኔ ሲመጡም ለባለቤቶቻቸው የማያስፈልጓቸው ነበሩ። ለአንድ ቀን ሠርግ የተሰፉ የሚዜ ቀሚሶች፣ «ስከሳ እለብሰዋለሁ» ተብለው የተቀመጡ ሱሪዎች፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ልክ ሳይጠይቅ የላካቸው ኮቶች፣ ዋጋቸው ስለረከሰ ብቻ የተገዙ ሸሚዞች ናቸው። ለካ ከረጢቶቹ የደንበኞቼን ቁም ሳጥን ውስጥ የሚያሳዩኝ መስኮቶች ኖረዋል።

ከእናንተ መካከል ብዙዎች ወደ ሱቄ ትመጡና «ጋሼ፣ የምለብሰው አጣሁ፤ ምን ላሰፋ?» ትሉኛላችሁ። በዚህ ሙያ 41 ዓመት ስለቆየሁ፣ የምትለብሱትን አጣን የምትሉት ቁም ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ሳይሆን በሩ አልዘጋ እስኪል ሞልቶ እንደሆነ አውቃለሁ። የሚጎድላችሁ ልብስ አይደለም፤ የሚጎድላችሁ ልክ ነው። ዛሬ ያላችሁበትን አካልና የምትኖሩትን ኑሮ የሚመጥን ልብስ ከሌላችሁ፣ ሃምሳ ቢሰቀልም ዓይናችሁ የሚያርፍበት አታገኙም።

እኔም ብሆን ከደንበኞቼ አልሻልም ነበር። በ1981 ዓ.ም. ስዳር የለበስኩትን ቡናማ ሙሉ ልብስ፣ ጨርቁ ምርጥ ሱፍ ነው በሚል ሰበብ ከሃያ ዓመት በላይ አስቀምጬዋለሁ። በየዓመቱ አውጥቼ እለካዋለሁ፤ በየዓመቱም ኮቱ በአንድ መዳፍ ያህል አልገጥም ይላል፤ እኔም ቅር ብሎኝ መልሼ እሰቅለዋለሁ። በመጨረሻ ባለቤቴ «ይህ ልብስ በዓመት አንድ ጊዜ ሊያናድድህ ነው የሚኖረው?» ስትለኝ ስፌቱን ፈትቼ ለልጄ ሰደርያ አወጣሁለት። የሚገርመው፣ ከዚያ በኋላ ትዝ ብሎኝም አያውቅ።

ቁም ሳጥን ለማጽዳት ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ካለው ጊዜ የተሻለ አላውቅም። ክረምቱን ሙሉ እርጥበት የጠጣ ልብስ ፀሐይ ሊመታ ስለሚገባው በግድ ይወጣል፤ አንዴ ከወጣ ደግሞ ሁሉም መመለስ የለበትም። ፀሐይ የምታስመቱት ግን ገበሩን ወደ ውጭ ገልብጣችሁ ይሁን፤ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ልብስ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከዋለ ትከሻው ይነጣል፣ የነጣን ትከሻ ደግሞ ማንም ሰፊ አይመልሰውም። ሱፍ የሆነውን ሁሉ ብርሃን ላይ ዘርግታችሁ ብል የበላው ቀዳዳ እንዳለው እዩ። ከዚያም እኔ ራሴ የማደርጋትን አንዲት ዘዴ ሞክሩ። በምትመልሱት ልብስ ሁሉ ገበር ወይም አንገት ላይ አንዲት ነጭ ክር በመርፌ አሳልፉና ቋጥሩ፤ ልብሱን መጀመሪያ በለበሳችሁት ቀን ክሯን ቁረጧት። በሚቀጥለው መስከረም ክሯ ያልተቆረጠችበትን ልብስ ስታዩ ከራሳችሁ ጋር ለመከራከር ምክንያት አይኖራችሁም።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት አከብራለሁ፤ በዓል ማድመቅ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ቁም ሳጥናችንን የሚያጨናንቀው ለጥምቀት ብቻ የሆነ ቀሚስ መሆኑንም ልንገራችሁ። ለአንድ ቀን የሚሰፋ ልብስ ካለ፣ ስታሰፉት ጀምሮ በማግሥቱ ምን እንደሚሆን አስቡ። የሚዜ ቀሚስ ሊያሰፉ የሚመጡትን እህቶች ወደ ጉልበት አጥሮ ለሥራ ሊለበስ የሚችል ቅርጽና ቀለም እንዲመርጡ እለምናለሁ፤ ከአሥር አንዷ ብትሰማኝ ነው።

አሁን ዋናው ሥራ ወደምለው፣ ወደ ማስተካከል ልምጣ። ብዙ ሰው ሊሰጥ የሚገባውን ልብስ ያስቀምጣል፣ መርፌ ብቻ የሚፈልገውን ደግሞ ይጥላል፤ ይህ የሚሆነው ልብስ ላይ የትኛው ነገር እንደሚስተካከልና የትኛው እንደማይስተካከል ስለማይታወቅ ነው። የሱሪና የጉርድ ቀሚስ ርዝመት፣ የወገብ ስፋት፣ የኮት እጅጌ ርዝመትና የጎን ስፌት በቀላሉ ይስተካከላሉ። ልብስን ማጥበብ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል፤ ለማስፋት ግን በስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ መኖር አለበት። ስለዚህ ልብስ ስትገዙ ገልብጣችሁ የሱሪውን የኋላ መሐል ስፌት ተመልከቱ፤ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ካለ ያ ሱሪ ከእናንተ ጋር ይከርማል፤ ስፌቱ ጨርቁ ጫፍ ላይ ካለቀ ግን አንድ በዓል በደንብ ከበላችሁ አበቃለት።

የማይስተካከለው ትከሻ ነው። በእርግጥ ኮት ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል፤ ነገር ግን የሚጠይቀው ድካምና ገንዘብ አዲስ ከማሰፋት አይተናነስም። ኮት ስትለኩ ከሁሉ አስቀድማችሁ ትከሻውን እዩ። የእጅጌው ስፌት የትከሻ አጥንታችሁ በሚያልቅበት ቦታ ላይ ካረፈ የቀረውን ለሰፊ ተዉት፤ ወደ ክንድ ከወረደ ወይም ወደ አንገት ከተሳበ፣ ጨርቁ ሐር ቢሆን ዋጋውም ግማሽ ቢሆን መልሱት። እጅጌው አንጓችሁ ላይ ደርሶ ከሥሩ የሸሚዙ ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቅ ቢል ያምራል። አንድ ወጣት የሕግ ባለሙያ በአንድ ቀን ሰባት ኮት በከረጢት ይዞልኝ መጥቶ ነበር፤ ስድስቱ ከቴሌግራም በፎቶ ብቻ የተገዙ፣ ትከሻቸው ከእሱ ትከሻ ሁለት ጣት የሚያልፍ ነበሩ። ሰባተኛው የአባቱ የድሮ ኮት ነው። ገበሩን ቀየርኩለት፣ ጎኑን አጠበብኩለት፤ ዛሬም ችሎት የሚቆመው እሱን ለብሶ ነው። ስድስቱን ምን እንዳደረጋቸው አልጠየቅሁትም፤ እኔ ዘንድ ግን አልቀሩም፣ ተመስገን።

ስለ ቅርጽ ብዙ ሕግ ሲወራ እሰማለሁ፤ እኔ የማውቀው ጥቂት ነው። ቀጭን ሰው ሰፊ ልብስ ስለለበሰ አይወፍርም፤ ወፍራም ሰውም ጠባብ ልብስ ስለለበሰ አይቀጥንም። ሁለቱንም የሚያምርባቸው ሰውነታቸውን ሳይጨብጥም ሳይሸሽም የሚወርድ ልብስ ነው። ጓደኛ ላይ ያማረ ሁሉ በእናንተ ላይ እንዲያምር አትጠብቁ፤ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለው ለዚህም ይሆናል። ለቀለምም ቢሆን ጠይም ይህን፣ ቀይ ዳማ ያንን ይልበስ የሚል ደንብ ይዤ አላውቅም። ጨርቁን ይዛችሁ ከሱቁ በር ውጡና በቀን ብርሃን ከአገጫችሁ ሥር አድርጉት፤ አብሯችሁ ያለው ሰው ቀድሞ ፊታችሁን ካየ ቀለሙ የእናንተ ነው፣ ቀድሞ ጨርቁን ካየ ግን አይደለም። መርካቶ መብራት ሥር ጥቁር ብላችሁ የገዛችሁት ሱፍ ቤት ስትደርሱ አረንጓዴ የሚሆንባችሁም በር ላይ ሳታዩት ስለምትገዙ ነው።

ጨርቅን መለየት ደግሞ ከአንድ ክር ይጀምራል። ከስፌቱ ውስጥ አንድ ክር መዝዛችሁ በመቆንጠጫ ይዛችሁ፣ ሳህን ላይ በጥንቃቄ አቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቁትም ይጠፋል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ሲደርቅ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ሻጩ «ንጹሕ ሱፍ ነው» ብሎ ቢምልም ያቺ ፍሬ ከመሐላው በላይ ትነግራችኋለች። ጨርቁ ጫፍ ላይ የሚጻፈው «ሱፐር 120» ወይም «ሱፐር 150» የሚለው ቁጥርም የክሩን ቅጥነት እንጂ ጥንካሬውን አይናገርም፤ በየቀኑ ታክሲ ተጋፍቶ ለሚሄድ ሰው ከፍተኛው ቁጥር ቶሎ ያልቅበታል። ለአንድ ወንድ ሙሉ ልብስ 150 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጨርቅ ከ3 እስከ 3.5 ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ በጣም ያነሰ የሚጠይቃችሁ ሰፊ ትርፍ ጨርቅ ሊተውላችሁ አላሰበም።

«ታዲያ ስንት ልብስ ይበቃል?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ ቁጥር አልነግራችሁም፤ ያለፈውን አንድ ወር የት የት እንደዋላችሁ በወረቀት ጻፉና ልብሳችሁን በዚያ ልክ አድርጉት እላችኋለሁ። ባንክ የሚሠራና ግንባታ ላይ የሚውል መሐንዲስ አንድ ዓይነት ቁም ሳጥን ሊኖራቸው አይገባም። ቢሆንም አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የሚያንቀጠቅጠን ብርድ እኩለ ቀን ላይ በፀሐይ ይተካል፤ ስለዚህ ለማንም ቢሆን ከወፍራም ጃኬት ይልቅ ቀለል ያለ የሱፍ ኮትና ከሥሩ የጥጥ ሸሚዝ ይሻላል። ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ ግራጫ ሱሪ ወይም ጉርድ ቀሚስ፣ ሁለት ነጭ ሸሚዝና አንድ ደህና የቆዳ ጫማ ያለው ሰው የሥራ ሳምንቱን ያለ ጭንቀት ይወጣዋል። ለቅሶ ቀጠሮ ስለማይዝ አንድ ያላጌጠ ጥቁር ልብስም ሁልጊዜ ተተኩሶ ይቀመጥ።

ዘመን የማይሽረው ልብስ ምን እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሩቅ አትሂዱ፤ የእናታችሁን ነጠላ ተመልከቱ። ቅርጹ አልተለወጠም፤ የሚለዋወጠው ጥለቱ ብቻ ነው። ያው አንድ ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን ይለበሳል፣ ለበዓል ይደምቃል፣ ለለቅሶ ደግሞ ይዘቀዘቃል። ሽሮ ሜዳ ስትሄዱ በጥለቱ ስፋት ከመማረካችሁ በፊት የፈትሉን ጥራት በእጃችሁ ዳስሱ፤ ጥለቱ ጠበብ ያለና ቀለሙ ረጋ ያለ ከሆነ ከአሥር ዓመት በኋላም የዚያ ዓመት ፋሽን ነው ተብሎ አይለይባችሁም።

ስለ መግዛት የምለው አጭር ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል፤ በቅናሽ ሰሞን ተጋፍታችሁ የገዛችሁት ሁሉ እንዲሁ ነው። ቦንዳ ውስጥ ግን ታግሦ ለሚፈልግ አንዳንድ ጊዜ ከአዲሱ የሚበልጥ የሱፍ ኮት ይገኛል፤ እኔ ራሴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ የምገዛው ለገበሩና ለቁልፉ ስል ነው፣ ሚስቴ ብቻ አትስማ።

የማትፈልጉትን ስታወጡ ለማን እንደምትሰጡ ቀድማችሁ ወስኑ፤ ካልሆነ ከረጢቱ ከአልጋ ሥር ይገባና እዚያው ይከርማል። ያልተቀደደውንና የታጠበውን ለሚለብስ ሰው፣ ወይም እንደ መቄዶንያ ላሉ መርጃ ማዕከላት ስጡ፤ ያረጀውን በየሰፈሩ ለምትዞረው ልዋጭ ሰጥታችሁ ሳህን ወይም ባልዲ ተቀበሉበት። ቆሻሻውን ልብስ ግን «ለድሃ ይሆናል» ብላችሁ አትስጡ። በሥራዬ ብዙ ሰው ሲሰጥ አይቻለሁ፤ ቁልፉን ተክሎና ተኩሶ የሚሰጥ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል።

የእኔን 63 ልብሶች በተመለከተ፣ በወረቀቱ ላይ ስልክ ለነበራቸው ሁሉ ደወልኩ። ዘጠኝ ሰዎች መጥተው ወሰዱ፤ ከእነሱም ሁለቱ እዚያው ሲለኩት ስለጠበባቸው የጎኑን ስፌት አስፍቼላቸው ለብሰውት ሄዱ። የቀረውን ታጥቦና ተተኩሶ ሰጠሁት።

እንግዲህ ከመስቀል በኋላ የሚስተካከለውን ለይታችሁ አምጡልኝ። በጥቅምትና በኅዳር እጄ ይፈታል፤ ጥር ሲገባ ሠርግ ስለሚበዛ የኮት እጅጌ ለማሳጠር እንኳ ሁለት ሳምንት ልትጠብቁ ትችላላችሁ። ወረቀቱ ላይ ስልካችሁን መጻፍ አትርሱ።