ጭንቅላቱን ከተመታ ወዲህ ለሚቆጣው ወንድምሽ

እህቴ፣ ወንድምሽ ከባጃጅ ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ ወዲህ በትንሹም በትልቁም እንደሚቆጣ፣ ደግሞ ድንገት እንደሚያለቅስ ጽፈሻል። እኔም አልፌበታለሁ። አመሉ ከፍቶ አይደለም። ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ስሜትን ይገታል፤ እሱ ሲጎዳ ልጓሙ ይላላል። ድካምና ጫጫታ ያባብሱታል። እኔ አንድ ቅዳሜ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ የቲማቲም ሻጯ ላይ ጮኼባት፣ ቲማቲሙንም ሳልይዝ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። (በሳምንቱ ይቅርታ ስላት መርቃ ሰጠችኝ።)

የጠቀመኝ ማለዳ ነው። ፀሐዩ ሳይከር ጣና ዳር ዋርካ ሥር ቁጭ ብዬ ታንኳዎቹን አያለሁ። ከምሳ በኋላ ጋደም እላለሁ። ሲቆጣ አትከራከሪው፤ ሬዲዮውን ዝጊና ትንሽ ተዪው። ጠላና አረቄ ይቅርበት። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም መሞትን ካነሳ ግን ነገ አትበይ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው።