ዲቪደንዱ ስንት በመቶ ነው ከማለታችሁ በፊት

ደሴ ውስጥ ከወጣቶች ጋር ቡና ይዘን ስለ አክሲዮን ወሬ ከተነሳ ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «ጋሼ፣ ዘንድሮ የትኛው ባንክ ነው ብዙ የከፈለው?» ዕድሜዬን በሒሳብ መዝገብ ላይ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ መጠየቄ አይገርመኝም። ግን መልስ አልሰጥበትም። ከዓመታዊ ሪፖርት ቁጥሮች ሁሉ ሰው የሚያሳስተው ይኸው የዲቪደንድ፣ ማለትም ለባለአክሲዮን የሚከፋፈለው ትርፍ፣ በመቶ ነው።

እዩት እስቲ። እኛ አገር ዲቪደንድ የሚነገረው አክሲዮኑ ላይ ከተጻፈው ዋጋ አንጻር ነው። የተጻፈው ዋጋ 1,000 ብር ይሁን። «30 በመቶ ከፈለ» ሲባል 300 ብር ማለት ነው። እናንተ ግን ያንኑ አክሲዮን ከሌላ ሰው በ2,000 ብር ከገዛችሁት ያገኛችሁት ከከፈላችሁት ብር 15 በመቶ ብቻ ሆነ። ግብሩም ገና እጃችሁ ሳይገባ ይቆረጣል። የዋጋ ንረቱን ደግሞ አስቡት፤ በ2014 ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ስለዚህ ሒሳባችሁን ከኪሳችሁ ከወጣው ብር ጀምሩ። የጎረቤታችሁን በመቶ ለጎረቤታችሁ ተዉለት። እሱ የገዛው ምናልባት የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ነው።

ሌላም አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2013 የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳደገው። ባንኮቹ ይህን ለመሙላት አዳዲስ አክሲዮን ሸጡ፤ ዲቪደንዱንም ወደ አክሲዮን ቀይሩት ብለው ባለአክሲዮኑን ለመኑ። ትርፉ አድጎ የአንድ አክሲዮን ድርሻ ግን ሊቀንስ የሚችለው እንዲህ ሲሆን ነው፤ የሚካፈለው በዛ። ይህን አይቶ የደነገጠ አጋጥሞኛል። አብሽሩ። አዲስ የገባው ብር ሥራ ላይ ውሎ ትርፍ እስኪያመጣ ጊዜ ይፈልጋል። የሚያሳስበው ሦስት አራት ዓመት ቆይቶም የአንድ አክሲዮን ገቢ ካላገገመ ነው።

ለዚህ ነው የአንድ ዓመት ዲቪደንድ የማላየው። አቦል ሁሌም ወፍራም ነው፤ የቡናው ጥራት የሚለየው በረካ ላይ ነው። ቢያንስ የአምስት ዓመት ሪፖርት ሰብስቡ። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጡታል።

እኔ ሪፖርት የማነበው ከኋላ ነው። ከፊት ያለው የቦርድ ሰብሳቢው ፎቶና መልእክት ነው፤ እሱን ለመጨረሻ አቆዩት። መጀመሪያ ሒሳቡን የመረመረው የውጭ ኦዲተር ምን አለ? ቅሬታ ካስቀመጠ እዚያው ቁሙ። ቀጥሎ ከሒሳቡ ሥር ያሉትን ማብራሪያዎች እዩ። ብድሩ ለማን ተሰጠ? ለአንድ ዘርፍ ብቻ ነው ወይስ ተበትኗል? ለቦርድ አባላትና ከእነሱ ጋር ለተያያዙ ድርጅቶች ስንት ሄደ? የተበላሸ፣ ማለትም በጊዜው ያልተመለሰ፣ ብድር ከጠቅላላው ብድር ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ብሔራዊ ባንክ ይጠብቃል። ወደዚያ መስመር በየዓመቱ እየተጠጋ ያለ ባንክ ዲቪደንዱ ቢያምርም ልቤ አይወደውም። ብድር ተበላሽቶ ለኪሳራው የሚሆን መጠባበቂያ በበቂ ካልተያዘለት የዘንድሮ ትርፍ የሚመጣው ዓመት ኪሳራ ነው። ትርፍ ተብሎ ተመዝግቦ ገና በጥሬ ገንዘብ ያልገባ ወለድ እንዳለም አትርሱ። የገንዘብ ፍሰት መግለጫው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የሚያነበው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ትርፉን ሁሉ አራግፎ የሚያከፋፍል ድርጅትም አያስደስተኝም። ባንኮችን ሕጉ ራሱ ይይዛቸዋል። ሕጋዊ መጠባበቂያ የሚባል ሌላ ተቀማጭ አለ፤ እሱ ካፒታላቸውን እስኪያክል ድረስ ከተጣራ ትርፋቸው 25 በመቶውን ያስቀምጣሉ። ሌላ ዘርፍ ላይ ግን የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ።

የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ነው። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚሄድ ጥቂት ስለሆነ ውክልና ይፈረማል። ምን እንደሚወሰን ሳታውቁ አትፈርሙ። የምትመርጡት ቦርድ ነው ብራችሁን የሚያዝበት።

ወሎ ውስጥ ሌላ ጥያቄ ይነሳል፤ የወለድ። ብዙ ቤት ወለድ አይነካም፤ ልክም ነው። ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ሲጀምር ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ የመጀመሪያው ባንክ ነበር። የመደበኛ ባንክ አክሲዮን ይፈቀዳል ወይ የሚለው የዑለሞች ጉዳይ ነው፤ እኔ አልገባበትም። በሙያዬ የምለው ግን ሐላል መሆኑ ሪፖርት ከማንበብ አያድናችሁም። አዲስ ባንክ ደግሞ፣ ከወለድ ነፃም ሆነ መደበኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ነው የሚባል ዲቪደንድ ባይከፍል አትዘኑበት።

በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ያለውን ሁሉ በአንድ ሱቅ የያዘ ነጋዴ ባዶ እጁን ቀረ። እዚህ ያሉ የባንክ ቅርንጫፎችም ተዘርፈዋል። ሆኖም ባንኩ በመላ አገሪቱ ይሠራ ስለነበር የባለአክሲዮኑ ሀብት አብሮ አልጠፋም። ወረቀቱ ቢቃጠል እንኳ ስሙ ኩባንያው መዝገብ ላይ አለ። ንብረትን መበተን የምለው ይህንን ነው። ግን ሦስት ባንክ ገዝቶ «በተንኩት» ማለት ራስን ማታለል ነው። ባንክን የሚመታ ነገር ከመጣ ሦስቱም አብረው ይታመማሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ የሚገዛ አክሲዮን ባብዛኛው የባንክና የኢንሹራንስ ነው። ስለዚህ እህታችሁ ከጅዳ የምትልከውን ሁሉ አክሲዮን አታድርጉት። ለክፉ ቀን የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ይኑራችሁ።

ለመግባት ብዙ ብር አያስፈልግም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 አክሲዮን ሲሸጥ አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። በቴሌብር 9,900 ብር ከፍሎ የሚገባበት ነበር። ችግሩ መውጫው፣ አክሲዮኑን መልሶ መሸጡ ነው። አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ተከፍቷል፣ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። ሆኖም ባንኩ ሁሉ ገና እዚያ አልገባም። ለሠርግ ወይም ለቤት ኪራይ የምትፈልጉትን ብር አክሲዮን ውስጥ አትክተቱ።

«በምሥረታ ላይ ነን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ 50 በመቶ እንከፍላለን» የሚል ከመጣባችሁ ወላሂ ጊዜያችሁን አታባክኑ። ገና ያልነገደ ድርጅት ትርፉን ከየት ያውቀዋል? የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ያጸደቀውን የሽያጭ ሰነድ ጠይቁ። ሰውየው ወሬ ካበዛ ሰነዱ የለም ማለት ነው።

ደግሞ የገዛችሁትን ለቤተሰብ ንገሩ። አባቱ የየትኛው ባንክ ባለአክሲዮን እንደነበር የማያውቅ ስንት ወራሽ አይቻለሁ። ዲቪደንዱ ለዓመታት ሳይወሰድ እዚያው ተቀምጦ ነበር። የባንኩን ስም፣ የአክሲዮኑን ብዛትና የምስክር ወረቀቱን ቁጥር በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ለእናታችሁ ወይም ለትዳር ጓደኛችሁ ስጡ። ስልክ ቁጥር ስትቀይሩም ለአክሲዮን ክፍሉ አሳውቁ።