በ40 መስመር የተጻፈች አንዲት ፊደል

ልጆቼ፣ ሰሞኑን አንድ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ “ላብራቶሪ የለ፣ ዕቃ የለ፣ ምን ይዘን ነው ምርምር የምንሠራው?” ብሎ ጠየቀኝ። ቶሎ መልስ አልሰጠሁትም። ነገሩ እውነት ነዋ! እኔም በእሱ ዕድሜ ይህንኑ እል ነበር። ግን ቤት ከገባሁ በኋላም ጥያቄው አልወጣልኝ አለ። ስለዚህ ለእሱም ለእናንተም ስለ አንድ ሰው ልጽፍ ተነሣሁ።

ኬንጂሮ ታካያናጊ ይባላል። በ1899 ጃፓን ውስጥ ሐማማትሱ በምትባል ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ተማሪ ሳለ አንድ መምህሩ “አሁን ሁሉም የሚሯሯጥበትን ተወውና ከ10 ከ20 ዓመት በኋላ አገር የሚፈልገውን አስብ” ብለው እንደመከሩት ይነገራል። ምክሩን ከልቡ ያዘው። በ1924፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ እዚያው ሐማማትሱ ባለ የቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖ ሲቀጠር ምርምር ልሥራበት ብሎ ያቀረበው ሐሳብ ምን መሰላችሁ? ምስልን ያለ ሽቦ ወደ ሩቅ ቦታ መላክ። በዚያን ጊዜ ጃፓን የራዲዮ ስርጭት እንኳ አልነበራትም። ራዲዮው የጀመረው በ1925 ነው። ሰው ገና ድምፅ በአየር ሲመጣ ሳይሰማ፣ እሱ ስለ ምስል ያስባል።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ሥራውን የያዘበት መንገድ ነው። ያኔ ቴሌቪዥን የሚሞክሩት ሰዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በሚሽከረከር ዲስክ ነበር። ዲስኩን ጀርመናዊው ፖል ኒፕኮ በ1884 ነው ያሰበው። ጠርዙ ላይ ቀዳዳዎች እንደ ጥምዝ ተደርድረውበታል። ሲሽከረከር እያንዳንዱ ቀዳዳ ከምስሉ ላይ አንድ መስመር ጠርጎ ያልፋል፣ የመስመሩ ብርሃንና ጥላ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀየራል፣ በተቀባዩ በኩል ደግሞ ሌላ ዲስክ እኩል እየተሽከረከረ ምስሉን መልሶ ይገጣጥመዋል። ስኮትላንዳዊው ጆን ሎጊ ቤርድ በጥር 1926 ለንደን ላይ ምስል ያሳየው በዚህ መንገድ ነው፣ በ30 መስመር። ትልቅ ሥራ ነው፣ ማንም አይክደውም። ችግሩ ግን ምስሉ ይጥራ ካላችሁ ቀዳዳዎቹ በቁጥር መብዛት፣ በስፋት ደግሞ መጥበብ አለባቸው። ቀዳዳው ሲጠብ የሚያልፈው ብርሃን ያንሳል። ብርሃኑን ላብዛ ስትሉ ዲስኩ ይተልቃል። ብረት ደግሞ ብረት ነው፣ እንደፈለጋችሁ አታዞሩትም።

ታካያናጊ ይህ መንገድ ሩቅ እንደማይወስድ ገባው። ኤሌክትሮን ግን ክብደቱ ከምንም አይቆጠርም። በማግኔት ወይም በኤሌክትሪክ ኃይል ብትገፉት ወዲያው ይታጠፋል። ባዶ በሆነ የመስታወት ቲዩብ ውስጥ የኤሌክትሮን ጨረር ብትለቁ፣ ፎስፈር (ኤሌክትሮን ሲመታው የሚበራ ነገር) የተቀባው ፊት ላይ ያረፈበት ነጥብ ይበራል። ነጥቡን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች በፍጥነት ስታስኬዱት ዓይን ሙሉ ምስል ያያል። ያ ከኋላው ወጣ ያለ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው የድሮ ቴሌቪዥን በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። እኔ ስንቱን ከፍቼ እንደጠገንኩ! (ቤት ውስጥ ካለ ብቻችሁን እንዳትከፍቱት። ከሶኬት ተነቅሎም ቲዩቡ ውስጥ የቀረው ቮልቴጅ ይመታል።)

ታዲያ ታካያናጊ በካሜራው በኩል እንዲህ ያለ ቲዩብ አልነበረውም። እስኪገኝ ልጠብቅ አላለም። በላኪው በኩል ያንኑ ዲስክ አስቀመጠ፣ በተቀባዩ በኩል ብቻ ቲዩቡን አደረገ። ሥራውን ለሁለት ከፍሎ የቻለውን ግማሽ ሠራ ማለት ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን 1926 በማይካ (ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ማዕድን) ላይ የተጻፈች አንዲት ፊደል ዲስኩ ፊት አቆመ። ቲዩቡ ላይ ታየች። 40 መስመር ብቻ፣ ግን ታየች።

ፊደሏ “ኢ” ተብላ የምትነበብ ናት። ጃፓኖች ያኔ ፊደል በሚቆጥሩበት በ“ኢሮሃ” ተራ የመጀመሪያዋ እሷ ነች፣ ልክ እንደኛ “ሀ”። እኛ አንድን ነገር ከሥሩ ስንጀምር “ሀ ብሎ ጀመረ” እንል የለ? ሰውየው በቴሌቪዥን ቃል በቃል ያንን አደረገ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ፊት አልሞከረም፣ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው አልሞከረም። የሰው ፊት የመጣው በኋላ፣ በ1928 ነው።

እኔ ሥራ በያዝኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ ንድፍ አቅርቤ ነበር። “ዕቃው ሲገባ” ተባለና መሳቢያ ውስጥ ቀረ። እኔም አብሬ ጠበቅኩ። ዛሬ የሚቆጨኝ መሥሪያ ቤቱ እምቢ ማለቱ አይደለም። ከንድፉ አንዷን ክፍል በእጄ በነበረ ዕቃ ሠርቼ ማሳየት እችል ነበር፣ አላደረግኩትም። እናንተ ይህን አትድገሙብኝ። ፕሮጀክታችሁን ቁጭ ብላችሁ በታትኑትና ዛሬ ማታ በእጃችሁ ባለው ዕቃ የምትሠራዋን ቁራጭ ፈልጉ።

መንገዱ ግን አጭር ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ጃፓን የ1940ውን የቶኪዮ ኦሊምፒክ በቴሌቪዥን ለማሳየት ስትዘጋጅ ታካያናጊ ወደ ብሔራዊው የስርጭት ድርጅት ወደ ኤንኤችኬ ገባ። ከዚያ ጦርነት መጣ፣ ኦሊምፒኩም ቀረ። ጦርነቱ ሲያበቃ ደግሞ አገሩን የያዙት ኃይሎች የቴሌቪዥን ምርምር ከለከሉ። ባልደረቦቹን ይዞ ጄቪሲ ወደምንለው ኩባንያ ሄደ፣ እዚያም ቀጠለ። መደበኛው የቴሌቪዥን ስርጭት የተጀመረው የካቲት 1 ቀን 1953 ነው። ከዚያች ፊደል በኋላ 26 ዓመት አልፎ።

ቀርቶ የነበረው ኦሊምፒክም በ1964 ቶኪዮ ገባ። ታካያናጊ 65 ዓመቱ ነበር። ጥቅምት 21 ቀን የማራቶን ውድድሩ በቀጥታ ተላለፈ። ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ጥቂት ሳምንት የሆነው የኛው አበበ ቢቂላ ብቻውን ስታዲየም ገባ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። ከዚያ ሣሩ ላይ ወርዶ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ፣ ጃፓኖችም ቤታቸው ተቀምጠው ያዩት ነበር።