የብሽሽት ንፍፊት ይውጣ ወይስ ይጠበቅ? ስለ ብልት ካንሰር የጠየቃችሁኝ

የወንድ ብልት ካንሰር ሰው በአደባባይ የማይጠይቀው በሽታ ነው። «ጠይቁኝ» ስል ግን ብዙ መጣ፤ አብዛኛውም ስለ ብሽሽት ኦፕራሲዮን ነው። የምሠራው ዩሮሎጂ (የሽንት ቧንቧና የወንድ ብልት ሕክምና) ክፍል ስለሆነ የማውቀውን እመልሳለሁ። የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤታችሁን አይቶ የሚወስነው ግን የያዛችሁ ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ ካንሰሩ ብልቴ ላይ ነበር፣ ተቆርጦ ወጣ። ታዲያ ብሽሽቴን ለምን ይነኩኛል?

መልስ፦ ይህ ካንሰር ሲሰራጭ መንገዱን ብዙም ስለማይቀይር ነው። መጀመሪያ በሊምፍ መስመር (የሰውነት ፈሳሽ በሚመላለስባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች) ወደ ብሽሽት ንፍፊቶች ይሄዳል፤ ንፍፊት የምለው ያንን ፈሳሽ የሚያጣሩትን ትንንሽ እንክብሎች ነው፣ ባያብጡም ማለት ነው፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ዳሌ ውስጥ ወዳሉት ይገባል። ሳንባና ጉበት የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ ብሽሽት ላይ ገና ጥቂት ሆኖ ከተያዘ በቀዶ ሕክምና ብቻ የሚድን ሰው አለ። ይህ ዕድል በሁሉም ካንሰር አይገኝም።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ብሽሽት ሲዳሰስ ምንም የለም። ሲቲ ስካኑም ንጹሕ ነው ተባለ። ሐኪሙ ግን ከንፍፊቱ ናሙና ካልወሰድኩ ይላል። ዝም ብለን ብንከታተለውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አልፈርድባችሁም፣ ምንም የማይታይ ነገር ላይ ቢላ ማሳረፍ ለማንም ይከብዳል። ግን ብሽሽታቸው ሲዳሰስ ምንም ከሌላቸው ታካሚዎች ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑት ውስጥ በዓይንም በስካንም የማይለይ ጥቃቅን ካንሰር አለ። ሲቲ ስካን ይህን አያይም። የአምስተርዳም ሐኪሞች በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። ሁሉም ታካሚዎች ንፍፊታቸው ውስጥ ካንሰር የነበረባቸው ናቸው። ሳይዳሰስ ገና በናሙና ተገኝቶ ከወጣላቸው ውስጥ 84 በመቶው ከ3 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። እስኪያብጥ ተጠብቆ የወጣላቸው ግን 35 በመቶ ብቻ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ በዕጣም የተመደበ አይደለም፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ቃል ኪዳን አትያዢው። ልዩነቱ ግን በጣም ሰፊ ነው። ዕጢው ላይ ላዩን ብቻ ከሆነና ደረጃው ዝቅተኛ ከሆነ ክትትል ብቻ ሊበቃ ይችላል። ወደ ውስጥ የዘለቀ ከሆነ ግን እኔ ብሆን አልጠብቅም።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ንፍፊት ሳያወጡ ማየት አይቻልም?

መልስ፦ ይቻላል። ትንሽ ጨረር ያለው ፈሳሽና ሰማያዊ ቀለም ቁስሉ አጠገብ ይወጋል፤ ፈሳሹ ቀድሞ የሚደርስበት ንፍፊት ኬላ ማለት ነው፣ ካንሰሩም ሲያልፍ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ያንን ብቻ አውጥተው ይመረምራሉ። ንጹሕ ከሆነ ሌላው አይነካም። ሐሳቡን ለብልት ካንሰር በ1977 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ካባናስ የሚባል የፓራጓይ ተወላጅ ሐኪም ነው። የዛሬውን አሠራር በ1990ዎቹ ያዳበሩት ደግሞ አምስተርዳሞች ናቸው። ችግሩ መሣሪያና የለመደ እጅ ይፈልጋል። ይህ በሌለበት ሆስፒታል የብሽሽቱን ንፍፊቶች በተለመደው ኦፕራሲዮን ማውጣት ከመጠበቅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ብሽሽቴ ላይ እብጠት አለ። አንቲባዮቲክ ውሰድና ከ6 ሳምንት በኋላ ና ተባልኩ።

መልስ፦ የድሮ አሠራር ነው። እውነት ነው፣ አንዳንዱ እብጠት ኢንፌክሽን ብቻ ነው። ግን የብልት ካንሰር ባለበት ሰው ላይ የሚዳሰስ ንፍፊት ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ የደቂቃዎች ሥራ ነው፣ ወንድሜ። አሁኑኑ ይወሰድልኝ በል።

ጥያቄ፦ ቁጥሩን ሳትሸፋፍን ንገረኝ።

መልስ፦ ንፍፊቶቹ ንጹሕ ከሆኑ ከ10 ሰው 9 ገደማው 5 ዓመት ይሻገራል። በአንድ ወገን አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከተያዘ አሁንም ብዙኃኑ ይተርፋል። ቁጥሩ ሲበዛ፣ በሁለቱም ወገን ሲሆን ወይም ካንሰሩ የንፍፊቱን ሽፋን ቀድዶ ሲወጣ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ዳሌ ውስጥ ከገባ ከ5 ሰው አንዱ እንኳ 5 ዓመት ላይደርስ ይችላል። ብሽሽት ላይ 3 እና ከዚያ በላይ ከተገኘ የዳሌውም ይውጣ የሚባለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ከብሽሽት ኦፕራሲዮኑ በኋላ እግሬ ያብጣል ብለው አስፈራሩኝ።

መልስ፦ ያብጣል፣ የብዙ ሰው። ቁስሉም ቶሎ ላይድን፣ ሊመግል፣ ጠርዙ ላይ ቆዳው ሊሞት ይችላል፤ ፈሳሽ የሚያወጣውን ቱቦም ለሳምንታት ይዞ መቆየት አለ። ትልቁን የእግር ደም ሥር ሳይቆርጡ መተው፣ ወይም በካሜራ በትንንሽ ቀዳዳ መሥራት ጉዳቱን ይቀንሳል። አጥብቆ የሚይዘውን ካልሲ ቀድመህ ግዛ። እግርህ እስኪያብጥ አትጠብቅ፤ ቆዳህን እንዳይቆስል ጠብቀው፣ ቀይ ሆኖ ከሞቀና ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ታይ።

ጥያቄ፦ የአባቴ ንፍፊት ትልቅ ነው፣ አይንቀሳቀስም። ኬሞ ይቅደም አሉ። ኦፕራሲዮኑን ቸል ብለው ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ትክክል ናቸው። ሥር የሰደደውን ቀድሞ መቁረጥ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አያስወጣውም። ፓክሊታክሰል፣ አይፎስፋማይድና ሲስፕላቲን የሚባሉት ሦስቱ የኬሞ መድኃኒቶች አብረው ይሰጣሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት 30 ሰዎች ላይ ሞክሯቸው የግማሾቹ ዕጢ ሟሽሿል። ከዚያ ነው ኦፕራሲዮን። ሲስፕላቲን ኩላሊት ስለሚጎዳ አባትህ ቀድመው የኩላሊት ምርመራ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ በልጅነቴ ተገርዣለሁ። አይመለከተኝም አይደል?

መልስ፦ በልጅነት መገረዝ አደጋውን በጣም ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ኤችፒቪ (በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ)፣ ሲጋራና ኤችአይቪ ዕድሉን ከፍ ያደርጋሉ። የማይድን ቁስል ካለህ ቅባት እየቀያየርክ ወራት አትፍጅ።

ጥያቄ፦ ሁሉም አልቆ መቼ ነው የምረጋጋው?

መልስ፦ ተመልሶ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ በየ3 ወሩ ቀጠሮ አለ። በመሃል ገላህን ስትታጠብ ሁለቱንም ብሽሽት በጣትህ ዳስስ፤ አዲስ ጠጣር ነገር ካገኘህ ቀጠሮህን ሳትጠብቅ ደውል።